ክፍት የጌም ቦይ ኢሙሌተር እየጻፍን ነው፦ ቴትሪስ ግን እየተነሳ ይወድቃል

ጣናዳር (ባሕር ዳር)
ሰላም ለዚህ ቤት። እኔና አንድ ጓደኛዬ የጌም ቦይ ኢሙሌተር እየጻፍን ነው፤ የኒንቴንዶን የድሮ የእጅ ጨዋታ ማሽን በኮምፒውተር ላይ የሚመስል ፕሮግራም ማለት ነው። ቋንቋው ሲ ነው፤ ለመስኮቱና ለድምፁ ኤስዲኤል 2 እንጠቀማለን። ኮዱ ለማንም ክፍት ነው። ሲፒዩው አልቋል ማለት ይቻላል፤ ብላርግ የተባለ ፕሮግራመር የጻፋቸውን የሲፒዩ መፈተኛ ሮሞች (ካርትሪጅ ላይ የሚቀመጡ ፕሮግራሞች) ሁሉንም ያልፋል። ያ ሰው የሚያማርረው ዲኤኤ የሚባል ትእዛዝ እንኳ አልፏል። ስለዚህ ደረታችንን ነፍተን ወደ ቴትሪስ ሄድን።

ቴትሪስን የመረጥነው ቀላል ስለሆነ ነው። ሮሙ 32 ኪሎባይት ብቻ ነው፤ ካርትሪጁ ውስጥ ባንክ የሚቀያይር ቺፕ የለም። ካርትሪጁን ከነማሽኑ ከነማንበቢያው ዘመድ ከውጭ አምጥቶልኛል፤ ሮሙን ራሴ ነኝ ያነበብኩት። ግን የመብት ማስታወቂያው ገጽ ብልጭ ይልና ጨዋታው እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል። ደግሞ ብልጭ፣ ደግሞ ይነሳል። ፕሮግራሙ አይሞትም፤ ስህተትም አያወጣም። እስኪ የምታውቁ እጅ አበድሩን።

የቡሬው (ቡሬ)
ጥርጣሬዬ ኢንተራፕት (ሲፒዩውን ሥራ አቋርጦ የሚጠራው ምልክት) ላይ ነው። ቪብላንክ (ስክሪኑ ተስሎ ሲያልቅ ያለው እረፍት) መጥቶ ከተስተናገደ በኋላ ባንዲራውን ካላጠፋችሁት ያው ነገር ደጋግሞ ይጠራል፤ ስታኩ እየሞላ ሌላውን ሜሞሪ ይበላዋል። ሁለተኛ፣ የሚሳለውን መስመር ቁጥር የሚይዘውን የኤልዋይ ሪጅስተር አሁንም በቋሚ ቁጥር ነው የምትመልሱት? ብዙ ሰው መጀመሪያ ላይ ጨዋታው እንዳይንጠለጠልበት ብሎ 144 ይጽፍና እዚያው ይረሳዋል።

ጮቄ (ደብረ ማርቆስ)
ኢንተራፕት አይመስለኝም። ከብላርግ ፈተናዎች ሁለተኛው እሱን ነው የሚያየው፤ አልፏል ብሏል።

ጣናዳር፣ አድራሻ ኤፍኤፍ00 ሲነበብ ምን ትመልሳለህ? የቁልፎቹ ሪጅስተር ነው። ገና ስላልሠራችሁት ዜሮ የምትመልሱ ከሆነ ባጉ እሱ ነው። ጌም ቦይ ላይ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ያልተነካ ቁልፍ 1፣ የተጫነ 0። ዜሮ መለስክ ማለት ሰውዬው ሁሉንም ቁልፍ ባንዴ ጨምድዶ ይዟል ማለት ነው። ቴትሪስ ደግሞ ኤ፣ ቢ፣ ሴሌክትና ስታርት አንድ ላይ ሲጫኑ ራሱን እንደገና ያስነሳል። ጨዋታው የታዘዘውን ነው እየሠራ ያለው። ለጊዜው ኤፍኤፍ መልስና ሞክር።

ጣናዳር
ጮቄ እጅሽ ይባረክ! እሱው ነው። አንዲት መስመር!

አሁን ጨዋታው ውስጥ ገብተናል። ግን ሌላ ጉድ መጣ። የሚወርደው ጡብ አይታይም። ሜዳው ባዶ ነው፤ ትንሽ ቆይቶ ጡቡ ከታች ተቀምጦ ድንገት ይታያል። ቁልፍ ስጫን ይዞራል፣ ወደ ጎንም ይሄዳል፤ ግን የሚታወቀው ካረፈ በኋላ ነው። ጓደኛዬ በጭፍን መጫወት ለምዶ መስመር መዝጋት ጀምሯል።

የቡሬው
ይቺን ለእኔ ተዉልኝ።

ቴትሪስ ያረፉትን ጡቦች የሚስለው በጀርባው ምስል ላይ ነው። የሚወርደው ግን ስፕራይት፣ ከጀርባው ተለይቶ የሚንቀሳቀስ ትንሽ ምስል ነው። ስለዚህ ጀርባው ይሠራል፣ ስፕራይቱ አይሠራም ማለት ነው። ጀማሪ ወዲያው ወደ ስፕራይት መሳያው ኮድ ይሮጣል። እኔ ግን መጀመሪያ ኦኤኤምን፣ የስፕራይቶቹን ሜሞሪ፣ ከፍተህ እየው እላለሁ፤ ሁሉም ዜሮ ከሆነ የሚሳል ነገርም የለም።

ኦኤኤም 40 ስፕራይት ይይዛል፤ እያንዳንዱ 4 ባይት ስለሆነ በጠቅላላው 160 ባይት ነው። ጨዋታዎች እዚያ በቀጥታ አይጽፉም። በተራው ሜሞሪ ያዘጋጁና ወደ ኤፍኤፍ46 አንድ ባይት ይጥላሉ። ያኔ ማሽኑ ራሱ 160ውንም ይገለብጣል፤ ዲኤምኤ የሚባለው ይሄ ነው። እናንተ ያንን ባይት እንደ ተራ ጽሑፍ ተቀብላችሁ አስቀምጣችሁታል። ለአሁኑ 160ውን ባይት ባንዴ የሚገለብጥ ሉፕ ጻፉበት። እውነተኛው ማሽን ላይ 160 የማሽን ዑደት ይፈጃል፤ እስኪያልቅም ሲፒዩው ከትንሿ ከኤችራም በቀር የሚደርስበት ሜሞሪ የለውም። እሱን ኋላ ታስተካክሉታላችሁ።

ጣናዳር
ወረደ! ጡቡ ወረደ! ኦኤኤም እንዳልከው ባዶ ነበር። ኮሚት ተደርጓል።

ፍኖቴ (ፍኖተ ሰላም)
ሰላም ወንድሞች፣ እህታችንም። እኔ ለኮድ ገና ጀማሪ ነኝ፤ ፓይተን ትንሽ እችላለሁ። ያደግሁት ፕሌይስቴሽን ቤት ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ የቴትሪሱን ሮም በቴሌግራም ታካፍሉኛላችሁ? ሁለተኛ፣ ጌም ቦይን እዚህ አገር ማን ያውቀዋል? ሰው የሚያውቀው ፒኤስ 2 ነው። ጎጃም ላይ ፔስን በላፕቶፕ የሚያጫውት ኢሙሌተር ተሠራ ቢባል አገር ይሰማል። ለምን እሱን አትሠሩም?

ጣናዳር
ሮሙን አላካፍልም ወንድሜ፣ አትቀየመኝ። በፕሮጀክቱ ገጽም በዚህ ክርም ሮም አይለጠፍም። በነጻ የተለቀቁ የጌም ቦይ ጨዋታዎች አሉ። ቶቡ ቶቡ ገርልን ፈልግ፤ ከነኮዱ ክፍት ነው። በእኛ ኢሙሌተር ላይ ይሠራል ብዬ ግን አልምልም።

የድሮ_ፖሊ (ባሕር ዳር)
ለፍኖቴ እኔ ልመልስለት። ልጄ፣ ጥያቄህ ጥሩ ነው፤ ማንም አያፍርብህ።

የጌም ቦይ ሲፒዩ በሴኮንድ 4.19 ሚሊዮን ዑደት ይሠራል። ተራ ሜሞሪው 8 ኪሎባይት ነው። የፒኤስ 2 ዋናው ሲፒዩ ወደ 295 ሜጋኸርዝ ነው፤ ሜሞሪው 32 ሜጋባይት። ችግሩ ግን የቁጥሩ ትልቅነት ብቻ አይደለም። ከዋናው ሲፒዩ ጎን ሁለት የቬክተር ማሽኖች አሉ። ግቤትና ውጤቱን የሚያስተናግደው ደግሞ የፒኤስ 1 ሲፒዩ ነው፤ ሙሉ የድሮ ኮንሶል አንጎል ለተላላኪነት ተቀጥሮ ማለት ነው። በዚያ ላይ የምስሉ ቺፕ፣ የድምፁ ቺፕ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ይሮጣሉ፤ ሁሉም እርስ በርስ ይጠባበቃሉ። እያንዳንዱን ትእዛዝ አንድ በአንድ እያነበብክ ብትሠራው ላፕቶፕህ አይደርስም። ኮዱን እየሮጠ ወደ ላፕቶፕህ ቋንቋ የሚለውጥ ሌላ ሞተር መጻፍ አለብህ።

አንዲት ምሳሌ ልጨምር። የፒኤስ 2 የነጥብ ቁጥሮች እንደ ዛሬው ኮምፒውተር አይደሉም። ወሰን የለሽ የሚባል ዋጋ አያውቁም፤ ቁጥሩ ሲበዛባቸው ትልቁ ላይ ይቆማሉ። ላፕቶፕህ ግን ሌላ መልስ ይሰጣል። ያቺ ልዩነት ተጠራቅማ አንዳንድ ጨዋታ ታበላሻለች። ፒሲኤስኤክስ 2 የተባለው ክፍት ፕሮጀክት ብዙ ሰው ተባብሮበት ከ20 ዓመት በላይ እየተሠራ ነው፤ ዛሬም ይታረማል። ፔስን መጫወት ብቻ ከሆነ የፈለግኸው እሱ አለልህ። የራስህን ኮንሶል ባዮስ (የማስነሻ ፕሮግራሙን) ማውጣት ግን ይጠበቅብሃል።

ለመማር ከሆነ ከቺፕ 8 ጀምር። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጆሴፍ ዌይስቤከር የሠራው ነው። እንደውም እውነተኛ ማሽን አይደለም፤ በአነስተኛ ኮምፒውተሮች ላይ ጨዋታ ለመጻፍ የታሰበ ምናባዊ ማሽን ነው። ትእዛዞቹ 35፣ ሜሞሪው 4096 ባይት፣ ስክሪኑ 64 በ32 ነጥብ። ፕሮግራሙ ከ512ኛው ባይት ይጀምራል። በፓይተን ልትጽፈው ትችላለህ። እሱን የጨረስክ ቀን ጌም ቦይ አያስፈራህም።

ፍኖቴ
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬውኑ እጀምራለሁ። ግን ኢሙሌተር ራሱ ሕገ ወጥ ነው ይላሉ፤ እውነት ነው? ስንት ፕሮጀክት ተዘጋ ሲባል እሰማለሁ።

የድሮ_ፖሊ
ማሽኑን የሚመስል ፕሮግራም መጻፍ ሌላ፣ የሰው ጨዋታ ማባዛት ሌላ። በአሜሪካ ሶኒ ኮኔክቲክስ የተባለ ኩባንያን የፒኤስ 1 ኢሙሌተር ሠራህ ብሎ ከሶ ነበር። በ2000 እ.ኤ.አ. ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት አሠራሩን ለማወቅ ባዮሱን መመርመር ፍትሐዊ አጠቃቀም ነው ብሎ ለኮኔክቲክስ ፈረደ። በ2024 እ.ኤ.አ. የኒንቴንዶ ስዊች ኢሙሌተር የሆነው ዩዙ የተዘጋው ለኒንቴንዶ 2.4 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቶ ነው። እዚያ የክሱ እምብርት የጨዋታዎቹ ምስጠራ መሰበሩ ነበር። ጌም ቦይ ምስጠራ የለውም። ሲነሳ ካርትሪጁ ውስጥ ያለውን የኒንቴንዶ አርማ ከራሱ ጋር ያስተያያል፤ ካልገጠመ ይቆማል፤ በቃ።

በእኛም አገር የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ይጨምራል። ስለዚህ ጣናዳር ሮም አላካፍልም ማለቱ ልክ ነው። ያቺን ባለ 256 ባይት የማስነሻ ሮምም ከኮዱ ጋር እንዳታያይዟት። ሴምቦይ የተባለው ሌላ የጌም ቦይ ኢሙሌተር የራሱን ክፍት ማስነሻ ጽፏል፤ ወይም እሷን ዘላችሁ ሪጅስተሮቹን በታወቀው ዋጋ ሞልታችሁ ከአድራሻ 0100 ጀምሩ።

የዳንግላው (ዳንግላ)
ኮዱን አውርጄ አሮጌ ላፕቶፔ ላይ ሞከርኩት። ባለ 2 ጊጋ ራም ነው። እንደ ኤሊ ነው የሚሄደው። ጡቡ እስኪወርድ ቡና ተፈልቶ ይጠጣል። በዚህ ዓይነት እኛ ደካማ ማሽን ያለን ምን ልንሆን ነው? ደግሞ ፈቃዱን አላየሁም፤ ጂፒኤል ነው ኤምአይቲ?

ጮቄ
ላፕቶፕህ አልደከመም። ኮዱን አየሁት፤ እያንዳንዷን ትእዛዝ ተርሚናል ላይ ያትማል። ማሽኑ በሴኮንድ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የማሽን ዑደት ነው ያለው። ይሄ ማለት በሴኮንድ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር መስመር ጻፍ እያላችሁት ነው። ማተሙን አጥፉት። ሜክፋይሉ ላይም ኦ2 የምትለዋን ማፍጠኛ ጨምሩ፤ አሁን ያለ ምንም ማፍጠኛ ነው ኮምፓይል የሚደረገው።

የዳንግላው
ኧረ በጊዮርጊስ! አሁን ደግሞ ፈጠነ። ጡቡ ሳላየው ያርፋል። መሐል ላይ የሚቆም ነገር የላችሁም?

ጣናዳር
ፍሬም መቁጠሪያውን ገና አላሰርነውም ነበር፤ አሁን ገብቷል፣ አዲሱን አውርድ። 70,224 ዑደት ሲሞላ አንድ ፍሬም ይወጣል፤ በሴኮንድ 59.73 ገደማ ነው። ለጊዜው በሰዓት ነው የምንጠብቀው። ድምፁ ሲያልቅ ግን ፍጥነቱን የድምፅ ወረፋው እንዲመራው እናደርጋለን። ስክሪን በ60 ቢሄድ ዓይን አይለየውም፤ ጆሮ ግን የተቆረጠ ድምፅ ወዲያው ይሰማል። ፈቃዱን ገና አልወሰንንም።

የድሮ_ፖሊ
ፈቃዱን ዛሬ ወስኑ። የድሮ የመጫወቻ ቤት ማሽኖች ኢሙሌተር የሆነው ማሜ በ1997 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ በነጻ ሶፍትዌር ፈቃድ ሙሉ በሙሉ የወጣው በ2016 ነው። መሐል ላይ ኮድ ያዋጡ ሰዎችን እየፈለጉ ፈቃዳችሁን ስጡን ማለት ነበረባቸው። እናንተ ገና ሁለት ናችሁ፤ በአንድ ቡና ያልቃል።

ጣናዳር
አለቀ ጋሼ። ኤምአይቲ ሆኗል።

የቡሬው
ጥያቄ ላንሳ። ምስሉን መስመር በመስመር ነው የምትስሉት ወይስ ነጥብ በነጥብ? ኮዱን ሳየው መስመር በመስመር ነው። እኔ እደግፈዋለሁ። የዳንግላውን ዓይነት ላፕቶፕ ነው ሰው ያለው፤ ካልሆነም ርካሽ ስልክ። የሱፐር ኒንቴንዶ ኢሙሌተር የሆነው ቢኤስኤንኢኤስ ለትክክለኛነት ሲል 3 ጊጋኸርዝ ድረስ የሚጠይቅ ማሽን አስፈልጎት ነበር። ለምን? ለጥቂት ጨዋታዎች። ቴትሪስ ከሠራ፣ ማሪዮ ከሠራ ይበቃል። የቀረው የባለሙያ ቅንጦት ነው።

የድሮ_ፖሊ
አልስማማም። ጌም ቦይን ከሱፐር ኒንቴንዶ ጋር አታወዳድረው። ይሄ በጣም ትንሽ ማሽን ነው፤ ነጥብ በነጥብ ብትስለውም የዛሬ ስልክ ይሸከመዋል። ፕሪሂስቶሪክ ማንን ክፈትበት፤ መስመሩ ገና እየተሳለ ቀለሙን ይቀይራል። መስመር በመስመር የሚስል ኢሙሌተር ላይ ያ ገጽ ይበላሻል።

የቡሬው
አንድ ጨዋታ ጋሼ! ለአንድ ጨዋታ ሁሉን ነገር እንደገና እንጻፍ ሊሉን ነው?

ጣናዳር
ይሄን ክርክር እወደዋለሁ፤ ግን ለአሁኑ መስመር በመስመር ይቀጥላል። ድምፅ እንኳ ገና አልነካንም።

ጮቄ
ሰሞኑን የጠፋሁት ኔት ስላልነበረ ነው። ሥራው ግን አልቆመም። ጊት (የኮድ ለውጥ መመዝገቢያው) ያለ ኔትም ይሠራል፤ እዚሁ ኮሚት እያደረግሁ ነበር። ከዚያ በጊት ባንድል ሁሉንም አንድ ፋይል አድርጌ፣ ፍላሽ ላይ ጭኜ፣ በፖስታ አሽጌ በአውቶቡስ ላክሁለት። ጣናዳር መናኸሪያ ሄዶ ተቀበለ። ባንድል የማታውቁ ካላችሁ ተማሩት፤ ለእኛ አገር የተሠራ ነው የሚመስለው።

የላክሁት ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ሮም አናካፍልም ካልን አብሮ የሚወጣ የራሳችን ጨዋታ ያስፈልገናል ብዬ ገበጣ ጀመርኩ። በጌም ቦይ ጨዋታ መጻፊያው በጂቢዲኬ 2020 ነው፤ በሲ። ሁለት ረድፍ፣ ስድስት ስድስት ጉድጓድ። ጽሑፉ ሁሉ በአማርኛ።

የዳንግላው
ገበጣ ባለ ሦስት ረድፍ ነው።

ጮቄ
እሱን ለሌላ ክር። አሁን ያለኝ ጣጣ ፊደሉ ነው። እስኪ አብራችሁኝ አስሉ። የጌም ቦይ አንድ ታይል (ምስሉ የሚገነባበት ትንሽ ካሬ) 8 በ8 ነጥብ ነው፤ 16 ባይት ይወስዳል። የቪዲዮ ሜሞሪው 384 ታይል ይይዛል፤ ጀርባው ግን ባንዴ ከ256 በላይ መጥራት አይችልም። የእኛ ፊደል 33 ጊዜ 7፣ 231 ነው። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይገባል! ለቁጥሮቹና ለጉድጓዶቹ ምስል እንኳ 25 ታይል ይተርፋል። ዲቃላዎቹን፣ እነ ሏንና ሟን፣ ሳንቆጥር ነው ታዲያ።

ግን 8 በ8 ላይ ጨና ጬን ለይታችሁ አንብቡልኝ። ጠ፣ ጨ፣ ጪ ሁሉም አንድ ጭቃ ይሆናሉ። 8 በ16 ሳደርገው ያምራል፤ ግን 231 እጥፍ ሲሆን 462 ነው፤ 384ቱን ያልፋል። ስለዚህ በየገጹ የሚያስፈልጉትን ፊደሎች ብቻ እየጫንኩ ነው። አንድ ገጽ ላይ ከ40 የተለያየ ፊደል አይበልጥም።

ጣናዳር
ፍላሹ ደርሶኛል፤ ገበጣው በእኛ ኢሙሌተር ላይ ፏ ብሎ ሄደ። ጓደኛዬ ለእናቱ አሳይቷት ወዲያው ሕጉ ተሳስቷል ብላ ተከራክራዋለች።

ጮቄ
እኔ ላይም ፏ ብሎ ነበር። ትናንት ለማመሳከር ብዬ በሴምቦይ ከፈትኩት። ፊደሎቹ ግማሽ ግማሽ ናቸው። «ተራህ ነው» የሚለው ውስጥ ራ ግማሽ ሆኗል፤ ህ የለም። የቱ ነው ልክ?

የድሮ_ፖሊ
ሴምቦይ ነው ልክ። እውነተኛው ማሽንም እንደዚያው ያደርግሻል። ማሽኑ መስመሩን እየሳለ ባለበት ጊዜ፣ ሞድ 3 በሚባለው፣ የቪዲዮ ሜሞሪው ለሲፒዩ ዝግ ነው። የጻፍሽው ባይት ይጣላል፤ ስህተትም አይነግርሽም። አንቺ ፊደሎቹን የምትጭኚው ስክሪኑ እየተሳለ ነው። አንዳንዱ ባይት ክፍት ሰዓት ላይ ይደርሳል፣ አንዳንዱ ዝግ ላይ። የእነ ጣናዳር ኢሙሌተር ደግሞ በሩን ዘግቶ አያውቅም፤ ሁሉንም ይቀበላል። ለዚህ ነው ፏ ያለው።

መፍትሔው ጭነቱን ወደ ቪብላንክ መውሰድ ነው። ከመስመር 144 እስከ 153፣ አሥር መስመር፤ 1140 የማሽን ዑደት አለሽ። አርባ ፊደል በዚያ አያልቅም፤ በየፍሬሙ ሁለት ሦስት ፊደል ጫኚ። ወይም ገጽ በሚቀየርበት ጊዜ ስክሪኑን አጥፍተሽ ሁሉንም ባንዴ ጫኚ። ስታጠፊው ግን ቪብላንክ ውስጥ ሆነሽ ይሁን፤ ከዚያ ውጭ ማጥፋት እውነተኛውን ማሽን ሊጎዳ ይችላል።

የቡሬው
እሺ ጋሼ፣ ይቺ አሳመነችኝ። ጨዋታ ለሚጫወት ሰው ልል ኢሙሌተር ይበቃዋል፤ ጨዋታ ለሚጽፍ ግን ይዋሸዋል። ነጥብ በነጥቡን ግን አሁንም አልቀበልም! ሞድ 3 ላይ መዝጋት ለመስመር በመስመሩም ይቻላል፤ 80 ዑደት ሞድ 2፣ ቀጥሎ ቢያንስ 172 ዑደት ሞድ 3፣ የቀረው ሞድ 0። እኔ እጽፈዋለሁ። ጣናዳር ከተስማማ።

ጣናዳር
ጻፈው። ጮቄ በሴምቦይ ላይ የተበላሸውን ገጽ ምስል ላኪልን፤ የቡሬው ኮድ ሲገባ በእኛም ላይ በዚያው መልክ መበላሸት አለበት።

ፍኖቴ
ቺፕ 8 ላይ ነኝ። አርማው ወጣ፣ ጨዋታ ግን ይዛባል። 8ኤክስዋይ6 የሚባለው የቢት ማንሸራተቻ ትእዛዝ ሪጅስተር ቪዋይን ነው የሚያንሸራትተው ቪኤክስን? ሁለት ሰነድ ሁለት ነገር ይላል።

ጮቄ
ሁለቱም ልክ ናቸው። የመጀመሪያው ማሽን ቪዋይን አንሸራቶ ቪኤክስ ላይ ያስቀምጣል። በኋላ የመጡት ቪኤክስን እዚያው ያንሸራትታሉ። የተጻፉ ጨዋታዎችም ሁለት ዓይነት ናቸው። ማብሪያ ማጥፊያ አድርግለትና ሁለቱንም ሞክር። ኮዱን ደግሞ የሆነ ቦታ ለጥፈው፤ እናየዋለን።